ያልተፈታው አደራ

ዛሬ መቐለ ፍርድ ቤት አንድ ሰው ከኋላ ተነሥቶ «የእኔ ነው!» ሲል አዳራሹ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

ተከሳሹ ጎረቤቴ አሕመድ ነው፤ ጣልያን ከወጣ ወዲህ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ ይነግዳል። ኬላ ላይ ከጭነቱ መካከል ሐሺሽ ያለበት ቋጠሮ ተገኘበት።

ጠበቃ ስንፈልግ እኔ ድምፁ ጣራ የሚያናጋ ነበር የተመኘሁት። ያገኘናቸው ሽማግሌ ጠበቃ አቦይ ተስፋይ ግን ሲናገሩ ለራሳቸውም የሚሰሙ አይመስሉም!

«በእጁ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደያዘ ያውቅ ነበር ወይ? ክርክሩ እዚያ ላይ ነው» አሉን።

ዳኛው «ዕቃው የማን ነው?» ሲሉት አሕመድ «አድርስልኝ የተባልኩት አደራ ነው፤ አልፈታሁትም» አለ። የሰጠውን ሰው ስም ግን እንቢ፣ አልጠራም።

አቦይ ተስፋይ በዚያው በቀስታ ድምፃቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው «ከመካከላችሁ የሰው አደራ ፈትቶ ያየ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ኧረ ማን ይፈታል!» አሉ ሰዎቹ። ያኔ ነው ባለቋጠሮው የተነሣው። አሕመድን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

አሕመድ በነጻ ተለቀቀ።

ከችሎት ስወጣ አንዲት እናት ውቕሮ እንደምሄድ ሰምተው፣ እንደ ልጃቸው ቆጥረውኝ «ወደይ፣ ይህችን ውቕሮ ላለችው ልጄ አድርስልኝ» ብለው ቋጠሮ ሰጡኝ። ይኸው ፊት ለፊቴ እንደታሰረ ተቀምጧል።

እናንተ ብትሆኑ ትፈቱት ነበር?