የኢስራ ባቄላ

ዙበይዳ መምህርነት ከጀመረች ወዲህ እንደዚያን ሰሞን ተናዳ አታውቅም። ንዴቷ በልጆቹ እንዳይመስላችሁ፤ ልጆቹማ ምን አደረጉ! ያናደዷት ትልልቆቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ አንዷ ኢስራ ናት። የኢስራ እናት መርየም ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ፣ ከረመዳን በኋላ ታማ ሞተች። ልጅቷን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወስዳ የምታሳድጋት አክስቷ ሱዓድ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «እናትሽ አረብ አገር ሄደች።» አለቀ። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ባለሱቁም ያንኑ ተቀብሎ ያወራል። እዚህ አገር እናቱ አረብ አገር የሄደችበት ልጅ ሞልቷልና ውሸቱ ልክክ አለ።

ችግሩ፣ የሌሎቹ እናቶች በኢሞ ይደውላሉ። «ቲቸር፣ ጂዳ ኔትወርክ የለም እንዴ?» ትላታለች ኢስራ። ዙበይዳ ምን ትበል? ሱዓድ ገና ልጅቷን ስታስመዘግብ እጇን ይዛ አስምላታለች። «ወላሂ አልነግራትም በይኝ!» «ወላሂ አልነግራትም» አለች እሷም። ምነው ምላሷን በቆረጠው! ልጅቷ በር በሩን እያየች ትምህርቱ አልገባ አላት።

ዙበይዳ ስትብሰለሰል ከርማ አንድ ነገር መጣላት። እኔ በአፌ አልናገርም፣ አፈሩ ይንገራት አለች። ለእያንዳንዱ ልጅ በባዶ የወተት ጣሳ ባቄላ አስተከለች። ሲበቅል ያያሉ፣ ሲያብብ ያያሉ፣ የሞተም ካለ ሞቱን ያያሉ። ሞት ምን እንደሆነ በእጃቸው ይዘው ይጠይቃሉ፤ እሷም የምትመልሰው ስለ ባቄላው ነው። መሐላውም አይፈርስም።

የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ቢመጡ ውርጭ ገሚሱን ባቄላ መትቶታል። የኢስራም ጠቁሮ ተኝቷል። ልጆቹ ደነገጡ። ዙበይዳ «ነገ ቁጭ ብለን እናወራበታለን» ብላ ክፍል አስገባቻቸው። ያኔውኑ ብታወራበት ምን ነበረበት!

በነጋታው ጣሳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። ልጆቹ «ድኗል! ድኗል!» እያሉ ይጨፍራሉ። ለካ ዘበኛው ጋሽ ሰይድ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ የልጆቹ ሐዘን አንጀታቸውን በልቷቸው፣ አጥር ጥግ ከዘሩት ባቄላ እየነቀሉ ተክተውላቸዋል። ዙበይዳ ደሟ ፈላ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ነካዎት?»

«ልጆች አይደሉ እንዴ ልጄ? ለምን ያልቅሱ? አብሽሪ፣ አላወቁም።»

«እሱ እኮ ነው የጨረሰን! አላወቁም፣ አላወቁም! እስከ መቼ?»

ኢስራ ግን አልጨፈረችም። ጣሳዋን አገላብጣ አየችው። «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «የኔ ሞቷል። የት ጣላችሁት?»

ጋሽ ሰይድ ዙበይዳን አዩ፤ ዙበይዳ አፈጠጠችባቸው። ሄደው ከቆሻሻው መሀል ፈልገው አመጡላት። ልጅቷ የጠቆረውን ባቄላ መዳፏ ላይ አጋድማ ትጠይቅ ጀመር።

«ውሃ ባጠጣውስ፣ ቲቸር?»

«አይነሳም።»

«ብጠብቀውስ? ብዙ ብጠብቀው?»

«ብትጠብቂውም አይነሳም፣ የኔ እናት።»

«እማዬም የማትደውለው ለዚህ ነው?»

ያረቢ! ዙበይዳ መሐላ አለባት። አሁን «አይደለም» ብትላት ልጅቷ ዕድሜ ልኳን በር ስታይ ልትኖር ነው። ተንበረከከችና «አዎ» አለቻት። «እማዬ ሞታለች። የተቀበረችው ኮምቦልቻ ነው።» ኢስራ ያን ቀን እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ዙበይዳም አብራት።

ሱዓድ ልትወስዳት መጥታ ይህን ስትሰማ ግቢውን ቀወጠችው። «ወላሂ ብለሽ! አንቺ ጨካኝ! አንጀት የለሽም?»

«መሐላዬን ላፈረስኩበት ማካካሻውን፣ ከፋራውን፣ እፆማለሁ» አለች ዙበይዳ፣ እሷም ድምጿን ሳትቀንስ። «እሱን ለኔ ተይው። ይህችን ልጅ ግን ይህን ያህል ጊዜ በር ላይ ገተርናት፣ እኔም አንቺም!»

ኢስራ መሀላቸው ገብታ የአክስቷን ሻርፕ ጎተተች።

«አክስቴ፣ ስተኛ ጠብቀሽ የምታለቅሺው ለእማዬ ነው?»

ሱዓድ ዙበይዳን ትታ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«እኔ እኮ» አለች ኢስራ፣ «አስቸግሬሽ፣ ጠልተሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ሱዓድ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ለሷ ነው፣ ወላሂ ለሷ ነው» እያለች ታለቅስ ጀመር።