እንትፍ በሉባት

ጎንደር ሳስተምር ግብረ ገብ የእኔ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንድ ሰሞን ራዲዮው አሜሪካ ስላሉት ጥቁሮች ደጋግሞ ያወራ ነበር፤ ከነጭ ጋር ካንድ ቧንቧ አይጠጡም፣ አውቶቡስ ላይ ከኋላ ነው የሚቀመጡት ይላል። ይህንን ለስድስተኛ ክፍሎች ነገርኋቸው። ተናደዱ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት የቁስቋም ልጅማ እንባዋ መጣ፤ «ምን አጠፉ?» ትለኛለች።

ደስ አለኝ፤ ደስታ ደግሞ አፍ ያስከፍታል። ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር፣ «እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ» አልኋቸው። አባቴ ጭልጋ ውስጥ ያገሩን ማረሻ ሁሉ ይሠራ እንደነበር፣ ገበሬው ማረሻውን ተቀብሎ ጠላውን በሰባራ ቅል ይሰጠው እንደነበር፣ ልጆቹንም «ቡዳ ነው፤ ዓይኑን እንዳታዩ» እያለ ይሸሽግ እንደነበር አወራኋቸው። ልጆቹ ዓይናቸውን ወደ ደብተራቸው አወረዱ። እኔ ሞኙ የገባቸው መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ልጅቱ ቀረች። አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ጋቢውን አደግድጎ በር ላይ ቆመ። ልጅቱ በትኩሳት እየነደደች ነው። ዘመድ ተሰብስቦ በጢስ እያጠነ «ማን በላሽ?» ሲላት የጠራችው እኔን ነው። የበላት ሰው ምራቁን እንትፍ ካላለባት አይለቃትም ይባላል።

«የኔታ፣ በክፉ አልመጣሁም» አለኝ። «ሸጋ አስተማሪ እንደሆኑ እሷው ነግራኛለች። እንትፍ በሉባትና ትዳንልኝ።»

«የቆላ ወባ ይሆናል። ሆስፒታል እንውሰዳት፣ እኔ እሸከማታለሁ።»

«ሳይለቋት ብወስዳት መንገድ ላይ ትሞትብኛለች። ምነው የኔታ፣ ምራቅ ነው እኮ የለመንሁዎ።»

ምራቅ ነው። እንትፍ ካልሁ ቡዳ ነኝ ብዬ በገዛ አፌ መመስከሬ ነው፤ አባቴ ዕድሜ ልኩን አይደለሁም ሲል የኖረውን። እምቢ ካልሁና ከሞተች ደግሞ በልቼ ገደልኋት። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እሱ ግን ጋቢው ጫፍ ላይ ያለቅስ ነበር።

ተከትዬው ሄድሁ። እናቷ ዓይኔ እንዳያርፍባት የልጅቱን ፊት በነጠላ ሸፈነች። አፌ ደርቆ ምራቅ እምቢ አለኝ፤ ዘመዶቿ ይህንንም እንደ ጭካኔ አዩት። እንደ ምንም ብዬ እንትፍ አልሁ። አባቷ ወዲያው አዝሏት ወጣ፣ እኔም ከኋላ ከኋላ ወደ ሆስፒታል ተከተልሁ። መርፌ ወጓትና ዳነች። ቁስቋም ውስጥ ግን መርፌውን ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ስትመለስ አንገቷ ላይ አዲስ ክታብ ነበረ፤ መቀመጫዋንም ወደ ኋላ ወስዳዋለች። ያለፈውን ትምህርት ጠየቅኋት። «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው» ብላ አንድ ቃል ሳትስት መለሰችልኝ፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጎትታ። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።