ሰባት ቁጥር የሆነው ቤታችን

በረኪና ያላሸነፈው እርጥብ ብርድ ልብስ የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ባለፈው ክረምት ለሥራ ጅማ ወርጄ የያዝኩት ሆቴል ውስጥ ገና አልጋው ላይ አረፍ ከማለቴ ያ ሽታ ከትራሱ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፤ የማላውቀው ሰው የፀጉር ቅባት፣ ላብ፣ ሲጋራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ሁሉ እሸፍናለሁ ብሎ ያቃተው በረኪና። መስኮቱን በርግጄ፣ ትራሱን ወንበር ላይ ወርውሬ፣ ሻርፔን ጠቅልዬ ተንተራስኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ አፍንጫዬ አንዴ አውቆታል። ለሌላው ሰው የሆቴል ሽታ ሊሆን ይችላል። ለእኔ የቤታችን ሽታ ነው።

ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ እናቴ በምታስተዳድረው አልቤርጎ ውስጥ ነው። ከፊት ሻይ ቤት ነበረ፣ ከኋላ ጭቃው ዓመት እስከ ዓመት የማይደርቅ ግቢ፣ ግቢውን ተከትለው የተደረደሩ ስድስት የሚከራዩ ክፍሎች፣ ከስድስቱ ጫፍ ደግሞ እኛ የምንተኛበት ክፍል። እያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፎቹም ከባንኮኒው ጀርባ በተመቱ ስድስት ሚስማሮች ላይ ይሰቀሉ ነበር። የእኛ ክፍል ቁጥርም ሚስማርም አልነበረውም። አንደኛው ቁልፍ እናቴ መቀነት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ደግሞ አባቴ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አስሮት ይዞር ነበር። አባቴ ከቴፒ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በመጣ ቁጥር ግቢው ውስጥ ቆሞ ያን የቁልፍ እስር ሲያንቃጭለው እኔ ከየትም ብሆን እሮጥ ነበር።

በኅዳር ቡናው ሲቀላ ከተማችን ታብዳለች። ገዢው ከጅማ፣ ደላላው ከቦንጋ፣ ለቃሚው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ሁሉም ማደሪያ ይፈልጋል፤ አየሩ በበሰበሰ የቡና ገለፈት ይከረፋል፣ ሽንት ቤታችን ደግሞ ሳይጠራ ራሱን ያስተዋውቃል። በዚያን ጊዜ ሞባይል እኛ ጋ አልደረሰም፤ ክፍል የሚያዘው ወይ በአውቶቡስ ረዳት መልእክት ልኮ ነው፣ ወይ ደግሞ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ከትቶ በመሄድ ነው። ወደ ቱም ወይም ወደ ቴፒ ለሁለት ቀን ወረድ የሚል ነጋዴ ቁልፉን አይመልስም ነበር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ክፍሉ የእሱ ነው፤ ሕጉ ይኸው ነበር፣ ማን እንዳወጣው ባይታወቅም ሁሉም ያውቀዋል። እናቴም ታውቀዋለች። ግን እናቴ ለሁሉም ክፍል ሁለተኛ ቁልፍ አላት፤ ባዶ አልጋ ደግሞ ሲያድር አይኗ ማየት አይችልም።

እናም ቁልፍ ይዞ የሄደው ሰውዬ ሲመለስ በሩን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ይገባና አልጋው ላይ ሌላ ሰው ያገኛል።

«አንተ ማነህ?»

«አንተስ ማነህ? ሰው ቤት እንዲህ ዘው ይባላል?»

«ባለ ቁልፉ ነኝ!»

«እኔም ባለ ቁልፍ ነኝ፣ ይኸው!»

ሁለት ጎልማሶች በካልሲ ቆመው አንዱ ለሌላው ቁልፍ ሲያሳይ የማየት ዕድል ያገኘሁት ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንዱ ፊቱ ግማሹ የተላጨ ግማሹ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ነበር። እናቴ በሩጫ መጥታ በመሃላቸው ትቆምና «ኧረ በጊዮርጊስ! ሁለታችሁም እንግዶቼ አይደላችሁ? ክፍል ጠፍቶ ነው?» ትላለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ግቢው ጫፍ፣ ወደ እኛ በር ይሄዳል። እኔ ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ዓለሚቱም ታውቀዋለች። ዓለሚቱ ከሸዋ ቤንች መጥታ አልጋ የምታነጥፍልን፣ ከእኔ ጋር በአንድ ፍራሽ የምትተኛ፣ አንሶላ ስታጥብ መዝሙር የማታቋርጥ ልጅ ነበረች። ፍራሻችንን ሳይነግሯት መጠቅለል ትጀምራለች። አንድ ቀን ግን አልቻለችም፣ «እትዬ ዘውዴ፣ እኛንስ መቼ ነው የሚያከራዩን?» አለቻት። እናቴ የእጥበቱን ፎጣ ወረወረችባትና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ገፍተን፣ የፈሰሰ ሻይና ስኳር የተጣበቀበት ወለል ላይ ተኛን፤ ጉንዳኖችም አብረውን አደሩ።

በዚያው የቡና ወቅት እናቴ ቀይ ቀለም አመጣችና በበራችን ላይ ሰባት ቁጥር ጻፈችበት። ባንኮኒው ጀርባም ሰባተኛ ሚስማር መታች። እንግዶች ክፍሉ ስላልተቆጠረ ቅር ይላቸዋል አለች። ቀለሙ ጠብ ጠብ ብሎ ወደ ታች ወረደና የሰባቱ እግር የታመመ ሰው እግር መሰለ።

ጥር ላይ ነጋዴው ሲበተን ወደ ክፍላችን እንመለስ ነበር፤ መመለሱ ከመውጣቱ የከፋ ነው። አልጋው ሥር የእግር ጥፍር ቁርጥራጭ፣ የደረቀ የጫት ገረባ፣ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ የጠፋ ሲጋራ፣ ግድግዳው ላይ በእራስ ቁመት ልክ የቅባት ክብ። ዓለሚቱ በረኪናውን ትደፋለች፣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እጠርጋለሁ። አንድ ጊዜ ትራሴ ሥር የወርቅ ቅብ ጥርስ አገኘሁ። እናቴ ባለቤቱ ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብላ ስኒ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ያን ስኒ ከዚያ በኋላ ነክቼው አላውቅም።

አባቴ በእነዚህ በደረቁ ወራት ሲመጣ ክፍላችን እንደሚከራይ ምንም አያውቅም ነበር። ክፍሉ ታጥቦ፣ የሱ ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር ተሰድሮ፣ የሱ አረንጓዴ ፎጣ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ሰባት ቁጥሩን አይቶ «እኛም ተቆጠርን?» ብሎ ቀለደ፣ እናቴ «ለማማር ነው» አለችው። ሁልጊዜም ከመምጣቱ በፊት በአውቶቡስ ረዳት ይልክ ነበር፤ «ቅዳሜ እገባለሁ በላት» ይላል፣ ረዳቱም በመስኮት ተንጠልጥሎ ለመናኸሪያው ሁሉ ይጮኸዋል፤ እናቴም ያን ሰምታ ክፍሉን ታስለቅቃለች። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት አስቀድሞ መላክ ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ደስ ይለኝ ነበር እንጂ፤ ፀጉሬን ለመሠራት ጊዜ አገኛለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ጭቅጭቁ መልኩን ይለውጣል። አሁን ጣጣው ማን ገባ ሳይሆን ማን ወጣ ነው። መንገደኛው በጨለማ ተነሥቶ ቁልፉን ለእናቴ አስረክቦ ወደ መናኸሪያው ይሄዳል፤ አውቶቡሱ ከከተማው ሳይርቅ ጭቃ ይውጠዋል፤ ረፋዱ ላይ መንገደኛው እስከ ጉልበቱ ተለቅልቆ ይመለሳል፤ ክፍሉ ግን ለሌላ ተከራይቶ ቆይቷል።

«ትናንት ማታ ያደርኩበት ነው እኮ!»

«ትናንት አለቀ፣ ወንድሜ። ለቅቀሃል።»

«መኪናው ሳይነሳ ቀን አይቆጠርም፣ እትዬ ዘውዴ!»

«ቀን የሚቆጠረው በፀሐይ ነው።»

«የታለች ፀሐይዋ? እስቲ አሳዩኝ!»

እውነትም ፀሐይ የለችም። በሚዛን ሐምሌ ፀሐይን ምስክር አድርጎ መሟገት ዓይን ማውጣት ነው። በአንድ በኩል ዛሬ እሄዳለሁ ያለው የማይሄድ፣ በሌላ በኩል ዛሬ እመጣለሁ ያለው የሚመጣ፣ በመሃል እናቴ እርጥብ አንሶላ ከአንዱ አልጋ ገፍፋ ሌላው ላይ ታነጥፋለች፤ ሳይደርቅ። ያ ሽታ እንግዲህ የዚያን ጊዜ ነው የተወለደው።

አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት አቶ መኩሪያ የሚባል ከቱም ማር የሚያመጣ ነጋዴ ሰባት ቁጥርን ያዘ። ሐሙስ እወጣለሁ ብሎ ነበር። የቱም መኪና ግን አልነሣ አለ፤ ዓርብም እዚያው ዋለ፤ አልጋችን ላይ ተጋድሞ፣ ማር የነካው እጁን አንሶላው ላይ እየጠረገ፣ በየደቂቃው «ሻይ!» እያለ። እኔ እናቴን ተከትያት ከማድ ቤት ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ማድ ቤት ተመላለስኩ። «እማዬ፣ አባዬ እኮ ቅዳሜ ብሏል። ሰውዬውን አስወጪው።» «በዚህ ጭቃ የሱ መኪና ይደርሳል ብለሽ ነው? እሑድ ቢመጣ ነው፤ ሰኞ ቢመጣ ነው» አለችኝ። ሰማዩን ዓይታ ባሏን ለሰኞ አስተላለፈችው።

አባቴ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገባ። ከወገቡ በታች ጭቃ ነበር፤ መኪናውን ከነጭነቱ ለማውጣት ከሌሊት ጀምሮ ድንጋይ ሲያነጥፍ ነው የዋለው፤ እመጣለሁ ባለበት ቀን ለመድረስ። ቁልፉን አንቃጨለ። ሮጥኩ፤ እግሩን አቅፌ ወደ ክፍሉ እንዳይሄድ ለመጎተት ሞከርኩ፣ ፀጉሬን ዳበሰኝና አልፎ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አቶ መኩሪያ ትራሱን አጥፎ ተደግፏል፤ እግሩ ላይ የአባቴ ነጠላ ጫማ፣ አንገቱ ላይ የአባቴ አረንጓዴ ፎጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ አባቴ፤ መጀመሪያ ሰው የተሳሳተ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር። «ክፍል ተሳስተህ ነው መሰለኝ።»

«ምን እሳሳታለሁ? ሰባት ቁጥር ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ሰውዬው ኪሱን መታ መታ አድርጎ። ከዚያ ጭቃውን ከላይ እስከ ታች ዓይቶ፣ ከልቡ አዝኖለት፣ «አንተስ መቼ ነበር ያስያዝከው?» አለው።

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያስጠላኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን እሱን ጠልቼ እገላገል ነበር።

እናቴ ከኋላችን ደረሰች። አባቴ ሳይዞር፣ «ዘውዴ፣ መቼ እንዳስያዝኩ ንገሪው» አላት።

«ነገ ይለቃል» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «እባክህ ሰው ፊት አታሳጣኝ። እሱ ደንበኛ ነው፤ አንተ የቤት ሰው ነህ።»

አቶ መኩሪያ ነገሩ ሲገባው ደንግጦ ተነሣ፣ ፎጣውን ከአንገቱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበለት፤ ረጥቧል። አባቴ አልተቀበለውም፤ «ተወው፣ ተኛ» ብሎት ወደ መኪናው ሄደ። እራቱን ጋቢና ውስጥ ድረስ ወሰድኩለት፣ አንድ ጉርሻ አጎረሰኝና ሰሃኑን መልሼ እንድወስደው ሰጠኝ። እሑድ ጠዋት፣ እናቴ ሻይ በምትቀዳበት ሰዓት፣ ወደ ባንኮኒው መጣ። ከመኪናው ቁልፍ እስር ውስጥ የክፍላችንን ቁልፍ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣና ሰባተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለው። በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ገብቶ ወጥቷል፤ ሳይጨቃጨቅ፣ ቀኑን ሳያሳልፍ፣ ቁልፉን በገዛ እጁ ቦታው ሰቅሎ የለቀቀ እንግዳ ግን ከአባቴ ሌላ አላየሁም።

እናቴ «ይመለሳል» አለች። እሷም ይመለሳል ብላ አቶ መኩሪያን በዚያው ቀን አስወጣችው፤ ብርድ ልብሱን እስኪነጭ አጠበችው፤ ሰባቱን በቢላ ፋቀችው፣ ቀይ ቀለሙ ግን ከእንጨቱ ውስጥ አልወጣም። ባዶ አልጋ ማየት የማትችለዋ ሴትዮ ያን አልጋ በሚቀጥለው የቡና ወቅት ለማንም አልሰጠችም፤ ገዢ በር ላይ ቆሞ እየለመናት። አባቴ ግን ሲያልፍ ለእኔ ሙዝ ወርውሮ፣ ጡሩንባ ነፍቶ ቴፒ ነበር የሚያድረው፤ እዚያ ቤት ተከራየ፣ ቆይቶም በዚያው ቀረ። አልተፋቱም፤ አልታረቁም። እናቴ ያደረገችውን ለእኛ ሆድ ስትል እንዳደረገችው አሁን አውቃለሁ። ማወቄ ሽታውን አልቀነሰልኝም።

ዛሬ አልቤርጎው ፈርሶ በቦታው መስታወት የለበሰ ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ እናቴም ሻይ ቤቷን ወደ ገበያው አዙራለች። ክፍል የሚያዘው በስልክ ነው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ክራቫት ያሰረ ልጅ ተቀምጧል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን አንዱ ሻንጣውን ይዞ «ትናንት ደውዬ አስይዤ ነበር እኮ!» ሲል እሰማለሁ፤ ልጁም «ስድስት ሰዓት ካለፈ ቀኑ አልቋል፣ ለሌላ ተሰጥቷል» ይለዋል። ቢያንስ ሰዓት አላቸው። ክራቫቱ ግን ምንም አልቀየረም።

እኔ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የገባሁ ቀን፣ ገና ሳልጠርግ፣ ከበሩ ጀርባ ተመትቶ የነበረውን ሚስማር በድንጋይ አጣምሜ ነቀልኩት። አንደኛው አልጋ የአባቴ ነው፤ ሌላ ሰው ተኝቶበት አያውቅም። ወገቡ መሪ መያዝ ስለከለከለው ከቴፒ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ሳይደውል አይመጣም፣ ገና ሳይቀመጥም «እስከ መቼ ልቆይ?» ይለኛል፤ ቦርሳውን ፈትቶ ልብሱን አውጥቶ አያውቅም። ይህ ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ጥፍርና ገረባ የበለጠ ያንገሸግሸኛል። ቁልፍ አስቀርጬ ሰጥቼዋለሁ። ባለፈው ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ፈለገ።

«የት ልስቀለው?» አለኝ።

«ኪስህ ውስጥ ክተተው፣ አባዬ» አልኩት።