የአባት ስም፣ የቤተሰብ ስም

ከኤምባሲው የመጣው ደብዳቤ ልጄን «እህትሽ ናት» አለኝ። በነዚህ ቃላት አልጻፉትም። የቀረቡት ሰነዶች በአመልካቿና በልጅቷ መካከል የእናትነት ዝምድና መኖሩን አያሳዩም፣ ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ሆነው ይታያሉ ነው የሚለው። በሦስት ወር ውስጥ የዲኤንኤ ምርመራ ካልቀረበ ኬዙ ይዘጋል። ሚኒሶታ፣ ሲዋርድ ሰፈር ያለው አፓርታማዬ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተቱ የነሱ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው መስመር ገብቶኝ ነበር።

ልጄን የወለድኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቷ ማርገዜን በነገርኩት ሳምንት ከሰፈር ጠፋ። እናትና አባቴ ሌሊቱን ሲመካከሩ አድረው ነገሩን በቤት ውስጥ ጨረሱት። እናቴ ገና መውለድ የምትችል ሴት ነበረች። እኔን ገጠር አክስቴ ዘንድ ላኩኝ፤ እናቴም «ልጄን ላስታምም» ብላ ተከተለችኝ። ስንመለስ ሕፃኗን ያቀፈችው እናቴ ነበረች። ክርስትና ስትነሳም፣ ቀበሌ ስትመዘገብም፣ ትምህርት ቤት ስትገባም ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። ከኔም ስም ቀጥሎ ያለው ያው ስም ነው። ልጄ እኔን «እቴቴ» እያለች አደገች። እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ለቅሶው ላይ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «እናታችን መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። «እናታችን» አለች። ያን ቀን ሰው ሁሉ በእናቴ ሞት ያለቀስኩ መሰለው።

አሜሪካ ስመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጥገኝነት ስጠይቅ ፎርሙ «ልጅ አለሽ?» ይላል። «አዎ» ብዬ ስሟን ጻፍኩ። ለማላውቀው የኢሚግሬሽን ሰው የነገርኩትን ለራሷ አልነገርኳትም። ላስመጣት ካመለከትኩም በኋላ፣ እዚህ ስትመጣ ፊት ለፊት ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እሷም ለጓደኞቿ «እህቴ ልታስመጣኝ ነው» ትላለች።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ገብቶ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የምሠራበት የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ሮዝቪል ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መደበኝ። ካሊፎርኒያ የተወለዱ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቦቻቸው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ተይዘው ሳለ እሳቸው ወታደር ሆነው ሚኒሶታ መጡ፤ ጃፓንኛ ስለሚያውቁ በአስተርጓሚነት አሠለጠኗቸው። ከጦርነቱ በኋላም እዚሁ አግብተው ቀሩ። እኔ ስደርስ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ሴት ልጃቸው ሩቅ ግዛት ናት፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞታል። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ድራይቭ አድርጌ እሄዳለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ምሳ አበላቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ስሜን ወረቀት ላይ አስጻፉኝና የመጨረሻውን በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ የቤተሰብሽ ስም ነው?»

«አይደለም። የአያቴ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን።»

«ልጅሽ ምን ተብላ ትጠራለች ታዲያ?»

«ልጅ የለኝም» አልኩ። አፌ ለምዶታል።

ምሳ ከበሉ በኋላ የሚወዱት ነገር አሮጌ የአድራሻ ደብተራቸውን ማገላበጥ ነበር። ብዙው ስም በእርሳስ ተሰርዟል። እሳቸው ገጹን እየገለጡ ያስተምሩኛል፣ እኔ ልብስ አጥፋለሁ። ታናካ ማለት መሐል እርሻ ነው፤ ሩዝ የሚዘራበት እርሻ። ያማሞቶ የተራራ ግርጌ ነው። ኮባያሺ ትንሽ ጫካ፣ ዋታናቤ የወንዝ መሻገሪያ ዳር።

«ይሄ መሐል እርሻ ጥርስ ሐኪም ነበር። ሞቷል። ይሄ ትንሽ ጫካ ካርታ ሲጫወት ያታልል ነበር። እሱም ሞቷል።»

«ሁሉም የቦታ ስም ነው እንዴ?»

«ሁሉም አይደለም። ግን ድሮ በአደባባይ የቤተሰብ ስም የሚጠራው መኳንንቱና ጦረኛው ነበር። ለገበሬው አይፈቀድለትም፤ ቢኖረውም በቤቱ ነው። በኋላ መንግሥት ሁሉም ሰው ስም ይኑረው፣ ይመዝገብ አለ። ለቀረጥና ለውትድርና ይመቸዋላ! ስም ያልነበረው ገበሬ ከደጁ ወጥቶ ዙሪያውን አየ። ተራራ ያየ ተራራ፣ ድልድይ ያየ ድልድይ ተባለ።»

የራሳቸው ስም ትርጉሙ «ከጉድጓዱ በላይ» ነው። የአያቶቻቸው ቤት ከውሃ ጉድጓድ ከፍ ብሎ የተሠራ ነበር አሉኝ። ደስ ይለኝ ነበር ሲያወሩ። ስማቸው ማንንም የማይዋሽ ይመስለኝ ነበር።

ደብዳቤው በመጣ ማግስት ሥራ ገባሁ። ሾርባውን ምድጃ ላይ ጥጄ መስኮት ሥር ቆሜ ቀረሁ። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ነው የባነንኩት፤ ድስቱ ከስሏል፣ ኩሽናው ጠቁሯል፣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ለመነሳት ሲታገሉ አንድ እግራቸው ተጠልፎ መሬት ላይ ናቸው። እሳቱን አጥፍቼ ሮጥኩ። ደግፌ አነሳኋቸው። አልተጎዱም። እኔ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ማቆም አቃተኝ።

«ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ!» አሉኝ።

ለማንም ያልተናገርኩትን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለእሳቸው ተናገርኩ። ደብዳቤውንም ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። በማጉያ መነጽር ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ስለ አባታቸው ነገሩኝ።

አባታቸው በወጣትነቱ ከጃፓን መጥቶ እንጆሪ እርሻ ላይ ሲለፋ ኖሮ ከጦርነቱ በኋላ ሞተ። የተቃጠለ አስከሬኑን አመድ ወደ ትውልድ መንደሩ ለመላክ የመንደሩን ጽሕፈት ቤት የቤተሰብ መዝገብ ጠየቁ። መዝገቡ ሲመጣ አባታቸው «ከጉድጓዱ በላይ» አልነበረም። ሌላ ቤት፣ በሌላ ስም ነው የተወለደው፤ ትርጉሙ «ከድልድዩ ሥር» ነው። የእናታቸው ቤት ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙሽራውን እንደ ልጅ ተቀብሎ የራሱን ስም ሰጥቶታል። እዚያ አገር ይሄ ነውር አይደለም፤ የተለመደ ነው።

«ነውር ካልሆነ ምን አስከፋዎት?»

«አለመንገሩ። ወታደር ሳለሁ በቶኪዮ በኩል አልፌ ነበር። ያባቴ ወንድም እዚያው ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ሌላ ስለሆነ አላወቅኩትም፤ አልፈለግኩትም። መዝገቡ ሲደርሰኝ እሱም ሞቷል።» ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ። «ለልጅሽ ንገሪያት። ወረቀት አይንገራት።»

በማግስቱ ጠዋት የስልክ ካርድ ገዝቼ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።

«አባባ፣ ደብዳቤ መጣ።»

«ቪዛው ነው? ተመስገን!»

«አይደለም። ልጄ መሆኗን በምርመራ አሳዪ ነው የሚሉት። ልንነግራት ነው።»

 የክፍላቸውን በር ሲዘጉ ተሰማኝ።

«ምን ብለን?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ ምንድን ነው? ኩፍኝ ሲይዛት ታቅፌ ያደርኩ እኔ ነኝ። ወላጅ ይምጣ ሲባል የሄድኩ እኔ ነኝ። አሁን በስተርጅና አባቷ አይደለሁም ልበላት?»

«አባባ፣ ካልነገርናት አትመጣም።»

«እንግዲያውስ አትምጣ!» ብለው ዘጉት።

ሳምንት ሙሉ ደወልኩ፤ አያነሱም። ቅዳሜ ልጄ ራሷ አነሳችው። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋኝ።

«እቴቴ! ለምንድን ነው አባባ ካንቺ ጋር የተጣሉት?»

«ባንቺ ምክንያት ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። እኔ ነኝ። እኔ እህትሽ አይደለሁም። የወለድኩሽ እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ፤ ከኋላዋ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማኛል።

«አባባስ?»

«አያትሽ ናቸው።»

«እና እማማ ስትሞት… እቅፍሽ ውስጥ ነበርኩ እኮ። ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

 «ልጅ ነበርኩ» አልኩ። ውሸት ነበር፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤት አነሳችልኝ፤ ከጀርባዋ «የለችም በያት» የሚል የልጄ ድምፅ በግልጽ ይሰማል። ምርመራ የሚያደርገው ክሊኒክ ቀጠሮ ሰጣት፤ አልሄደችም። ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጣት፤ አልሄደችም። መኪና ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ግማሽ ሰዓት የምቀመጥበት ጠዋት በዛ። መስኮቱ በበረዶ ተሸፍኖ ውስጡ ይጨልማል፤ እዚያው ብቀር የሚያጣኝ ማን ነው እላለሁ። ከዚያ ሽማግሌው መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ እንዳይቆዩ ብዬ በረዶውን ፍቄ እነሳለሁ። የምነሳው ለዚያ ብቻ ነበር።

ሦስቱ ወር አለቀ። ኬዙ ተዘጋ የሚል አጭር ደብዳቤ መጣ። እሑድ ቤተክርስቲያን ስሄድ አንዲት እናት እጄን ይዘው «የእህትሽ ቪዛ እንዴት ሆነልሽ? ሁሌ እጸልያለሁ እኮ» አሉኝ። ለስንት ዓመት ያስጸለይኩት ለእህቴ ነው። እግዜርን ራሱን በሐሰት ስም ነበር የለመንኩት። «አልሆነም» ብዬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ዝማሬው እስኪያልቅ ቆየሁ።

በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ፣ ድርጅቱ ደወለ። ስልክ የምትመልሰው ሴት «ዛሬ ሮዝቪል አትሂጂ» አለችኝ። «ሺፍቴ ተቀየረ?» አልኩ። «አይ፣ ደንበኛው ሌሊት አርፈዋል። ቡርንስቪል ክፍት ሺፍት አለ፣ ትወስጂዋለሽ?» አለች። ወሰድኩት። ምን አደርጋለሁ? ሌላ ሽማግሌ ሳጥብ ዋልኩ።

እውነቱን ከነገርኳት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል፣ ልጄ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«አባቴ ማን ይባላል?»

አሥራ ስድስት ዓመት ከአፌ ያልወጣውን ስም ተናገርኩ። ደገመችው። ከራሷ ስም ጋር አያይዛ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ ደግሞ ሌላ ጊዜ አለችው።

«የአባቱስ ስም?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም? የልጅሽን አያት ስም አታውቂም?»

«አላውቅም፣ ልጄ። አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም ተማሪ ነበርን።»

 እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅኩት አፍንጫዋን ስትስብ ነው።

«ፈተና ልመዘገብ ነው፤ ሙሉ ስም እስከ አያት ጻፉ ይላል» አለች። «በአባባ ስም ሞላሁት። እስኪሞቱ በሳቸው ነው የምጠራው። እንዳትለውጪብኝ።»

«አልለውጥም።»

«ምርመራው ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ጉንጭሽን በውስጥ በኩል በጥጥ ይጠርጉታል።»

«ያማል?»

«አያምም።»

በሳምንቱ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። የወሰዷት አባቴ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ዘበኛው «ምኗ ነዎት?» ቢላቸው ምንም ሳይመልሱ ወደ መንገዱ እንደወጡ በኋላ ነገረችኝ። የያዝኩት ጠበቃ ኬዙ እንደገና እንዲከፈት ጻፈ፤ መልሱ ብዙ ወራት ፈጀ።

ስትመጣ አሥራ ስምንት ልትደፍን ነበር። ኤርፖርት ስትወጣ መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ ከኔ ትረዝማለች። ጉንጯን ሰጠችኝ እንጂ አላቀፈችኝም። መኪና ውስጥ አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንደቀሩ፣ ይሸኟት ሲሏቸው እንዳልተነሱ ነገረችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ክረምቱን በሙሉ አንድ አልጋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። አብረን የምንበላበት ቀን ጥቂት ነበር። አባቴ በሚቀጥለው ዓመት ሲያርፉ ሁለታችንም ለቀብር መሄድ አልቻልንም፤ ያን ጊዜ ብቻ እጇን እጄ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

የመጣች ሰሞን አንድ ቀን በረዶው ውስጥ በሸራ ጫማ ወጥታ ጫማው ውሃ ጠጥቶባት ተመለሰች። «እዚህ አገር ጫማ የት ነው የሚሸጠው?» አለችኝ። አብረን ወጣን፤ ሦስት ሱቅ ዞረን ልኳን አጣን። በአራተኛው ተገኘ። ቁጭ ብላ ለካችው፣ ተነስታ ጥቂት እርምጃ ሄደች፣ «ይሁን» አለች።