የተቀመቀመ ማቅ

ሉዋን ታላቅ ወንድሟን ጌንግን አምርራ ትጠላው ነበር። ለምን አትጠላው! እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ሲሞቱ፣ ለሉዎያንግ ቤተ መንግሥት ስፌት ቤት ሸጧት በሬ ገዛባት። በሬውም ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ እሰይ! ጌንግ ግን መላ አልጠፋበትም፤ እርሻውን ትቶ የዙፋን ወራሹ በር ጠባቂ ሆነ። እሷ መርፌ ላይ እንዳቀረቀረች ሸበተች።

ንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ሁለቱ ልጆቻቸው ዓይንና ናጫ ሆነዋል። አንድ ጠዋት የታናሽየው ልዑል ጃንደረባ ሻካራ የቃጫ ጨርቅ አሸክሞ መጣና ለጌታው ማቅ እንድትሰፋ አዘዛት። አልገረማትም፤ ሽማግሌው ዛሬ ነገ እየተባሉ ነው። ለአባት የሚለበስ ማቅ ደግሞ ጠርዙ እንደተቀደደ ይተዋል እንጂ አይቀመቀምም፤ ይህንን እንኳን ሰፊ ሕፃንም ያውቀዋል። ጃንደረባው ግን ጎንበስ አለና፣

«ቀምቅሚው። ለነገ ማታ ይድረስ። ትንፍሽ ብትዪ አንገትሽ የለም» አላት።

የተቀመቀመ ማቅ የሚለበሰው ለወንድም ነው። የልዑሉ ወንድም ዙፋን ወራሹ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ትናንት ፈረስ ሲያስጋልብ የዋለ ጤነኛ ሰው ነው። ሊገድሉት ነው ማለት ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ በሩ ላይ የሚቆመውን ጌንግን ማረድ አለባቸው።

ከሰዓት በኋላ ጌንግ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር መጣና የተቀደደ ካባውን ጭኗ ላይ ወረወረው። የሥጋ ነገር ሆነና አላስቻላትም።

«ጋሼ» አለችው፤ ከተሸጠች ወዲህ እንዲህ ብላው አታውቅም። «ነገ ማታ በሩ ላይ ተረኛው አንተ ነህ?»

«ምን አገባሽ?» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ጋሼ አለችኝ፣ ሰማችሁ? በሬው ይሻለኝ ነበር፤ እሱ እንኳ አፍ የለውም። አንቺ መርፌሽን ያዢ!»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሷም መርፌዋን ያዘች። ካባውን ጠቅማ ሰጠችው፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይላት ሄደ።

በማግስቱ ማታ ጃንደረባው የልዑሉን ማቅ ወሰደ። ከጨርቁ ተርፎ ነበር። ሉዋን የተረፈውን በራሷ ልክ ቆረጠች፤ ሰፋችው፤ ጠርዙንም ሳትቸኩል ቀመቀመችው።