አቶ ቆይ እና የብርሀንነሽ መድኃኒት

መካነ ሰላም ላይ የአስናቀውን ቤት ብትጠይቁ ሰው ትንሽ ያስባል። «የአቶ ቆይ ቤትስ?» ካላችሁ ግን በሩ ድረስ ያደርሷችኋል። ሠላሳ ዓመት ክትባት ይዞ ከወሎ ቦረና እስከ ወግዲ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉም ሰው አስጠብቋል። በቅሎው ተጭኖ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቆጥቶ፣ እሱ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘውን የታሸገ በረዶ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ይነቀንቃል። «ቆይ» ይላል። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ምክንያት ግን አለው። ከማቀዝቀዣው አሁን የወጣ በረዶ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ክትባት ደግሞ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን ውርጭንም አይችልም፤ አንዴ ከረጋ ይጣላል። ስለዚህ በረዶው ላብ ላብ እስኪለው፣ ሲነቀንቁትም ውስጡ ውሃ እስኪንቦጫቦጭ ጠረጴዛ ላይ መቆየት አለበት። ይህን ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲቸኩል ነው የሚረሳው። አስናቀው አይቸኩልም።

ሚስቱ ብርሀንነሽ ደግሞ እሳት ናት። ገበያ ደርሳ፣ እህሏን ሸጣ ስትመለስ እሱ ገና ጫማውን ያስራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔው ግን እንደቆመ አረጀ» እያለች ጎረቤቱን ስታስቅ ነው የኖረችው።

አምና ጡቷ ላይ ሎሚ የሚያህል ካንሰር ተገኘባት። የተለመደውን መድኃኒት ሰጧት፤ ፀጉሯን አረገፈው፣ ምግብ አስጠላት፣ እብጠቱን ግን አልነካውም። ያኔ ነው የመካነ ሰላም ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር መቅደላዊት በሙከራ ላይ ስላለ ሌላ መድኃኒት የነገረቻቸው።

«ናኖ ይሉታል፣ ጋሽ አስናቀው» አለች። «መድኃኒቱ በስስ የስብ ቅርፊት ተጠቅልሏል። ቅርፊቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በመቶ የሚቆጠሩት ቢሰለፉ የአንድ ፀጉር ውፍረት አይሞሉም። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ካንሰሩን ይገድላል፣ ሌላው የራሳቸውን የሰውነት መከላከያ ቀስቅሶ ጠላቱን ያሳየዋል። እብጠቱ ጋ እስኪደርስ ስለማይፈስ ሌላውን አካል ብዙ አይጎዳም።»

«ውርጭ ይችላል?» አለ አስናቀው።

ዶክተሯ ገርሟት አየችው። «አይችልም። ከረጋ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን ከደሴ የሚያመጣው እሱ ራሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ሁለት ዙር በደህና አለፈ። በሦስተኛው ቀጠሮው ጠበበ፤ መድኃኒቱ በዚያው ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተሰጣት ብርሀንነሽ ከሙከራው ትወጣለች። ሌላ የቀራት ሕክምና አልነበረም።

አስናቀው ደሴ አድሮ ከማለዳው ሁለት ሰዓት ተኩል የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል በር ላይ ነበር። ባለሙያዋ ሀያት ልታግዘው ብላ መድኃኒቱ የሚጓዝበትን የክትባት ሳጥን ድንጋይ በሆነ በረዶ ሞልታ ጠበቀችው። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጋሼ፤ በደንብ ይቀዝቅዝ ብዬ ነው» አለችው። አመሰገናት። በረዶውን ግን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ተቀመጠ።

ስልኩ ጮኸ። የሚኒባሱ ሹፌር ያሲን ነው። «ጋሼ፣ ወላሂ ልወጣ ነው። አንድ ሰው ነው የቀረኝ።»

ቀጥላ ብርሀንነሽ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው። «መኪናው ጥሎህ ይሄዳል። ዕድሜ ልክህን ስትጎተት ችዬሃለሁ፤ ዛሬ እንኳ ለእኔ ስትል ፍጠን።»

ይሄ ወጋው። በረዶውን አንሥቶ ነቀነቀው፤ ምንም ድምፅ የለም። ልቡ ተነሥ፣ ሂድ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስጠብቅ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ያኔ የሚጠብቁት የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ፤ ዛሬ ብርሀንነሽ ናት።

«አብሽሪ፣ ብርሄ» አለ። «ቆይ።»

ስልኩን ዘጋችበት።

አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። ሀያት ሰዓቷን አየች፣ እሱን አየች፣ መልሳ ሰዓቷን አየች። በመጨረሻ በረዶው አላበው፤ ጆሮው ላይ ሲነቀንቀውም ውሃው ተንቦጨቦጨ። መድኃኒቱን አስገብቶ ሳጥኑን ከደነና ሮጠ። አዎ፣ አስናቀው ሮጠ፤ መካነ ሰላም ይህን ቢያይ ሥራ ይፈታ ነበር።

መናኸሪያ ሲደርስ ያሲን ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ «መካነ ሰላም አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። የወሎ ሹፌር አንድ ሰው ቀረኝ ካለ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚቆም መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። የቀረው አንድ ሰው አስናቀው ሆነና ተነሡ።

አቀስታ ላይ ብርዱ ሲበረታ አንድ ተሳፋሪ ሳጥኑ ከላይ ቢጫን ይበልጥ እንደሚቀዘቅዝለት መከረው። አስናቀው ግን ሳጥኑን ጭኑ ላይ እንዳደረገ በጋቢው ሸፈነው።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ዶክተር መቅደላዊት ሳጥኑን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አነበበች። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ነው የሚፈለገው፤ አራት ይላል። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ብርሀንነሽ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ሮጥክ እንዴ?» አለችው።

«ትንሽ» አለ።

በስድስተኛው ዙር ማብቂያ ሎሚው ምስር አክሎ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በተነሣችው ምስል ላይ ምስሩም ጠፋ። ብርሀንነሽ ሆስፒታሉ መሐል እልል አለች፤ ዝም ልታሰኛት የመጣችው ነርስ ራሷ ተቀበለቻት። አስናቀው ጥግ ይዞ አለቀሰ፤ ደስታ ነው፣ አላፈረበትም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ብርሀንነሽ አሁን እንደ ራሷ ፈጠራ ነው የምታወራው። ባለፈው ሳምንት አስናቀው ለክትባት ወደ ወግዲ ሊወጣ፣ የሚወስደው ያሲን ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ፣ የባሏን ምሳ ልታደርስ የሄደችው እሷ ወጣች። ፀጉሯ በቅሎ ሹሩባ ደርሷል። በረዶውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትነቀንቃለች።

«ቆይ» አለችው። «ገና አልሰማሁትም።»