ሳይሰግድ የዘለለው ሽመላ

ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር «አዲስ ጭፈራ ፈጠረ» ተብሎ ሐረር አጨበጨበለት። ይህ ሰው ከክራባቱ ቋጠሮ በቀር በገዛ እጁ የሠራው ነገር ያለ አይመስለኝም። ጭፈራው የሽመላ ነው፤ ከሽመላ ያዩት ደግሞ አያ ሙሜ ናቸው።

አያ ሙሜ ዓለማያ ሐይቅ ዳር ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ሸዋ በር ገበያ ውለው ሲመሽባቸው ከወዳጃቸው ከአባቴ ቤት ያድራሉ፤ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ እናቴ ያን ቀን ሽሮ ትሠራለች። ያኔ፣ ራት ተነሥቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ኩራዙም ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስረዝመው፣ ተረታቸውን ይጀምራሉ። ድሮ በድርቅ ዘመን እንስሳት ሁሉ ውሃው ላይ ሲጋፉ ሽመላ ብቻ ቆሞ ለፈጣሪው ሰገደ፤ አላህም ወደደው። ስለዚህ እስከ ዛሬ መጀመሪያ ይሰግዳል፣ ቀጥሎ ጭቃውን በአንድ እግሩ ይሞክራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘለው። ይህን እያሉ ሽማግሌው ተነሥተው ያሳዩኝ ነበር።

«ዛሬ ሁለት ብቻ ቀሩ» አሉኝ አንድ ማታ። «ከእርሻዬ ጥግ፣ ቄጠማው ውስጥ ናቸው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሺ ልጄ?»

«እሺ፣ አያ» አልኩ።

እሺታዬ ሳምንት አልቆየም። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሹም ይመጣል ተብሎ ትምህርት ቤቱ ሲታመስ፣ እኔ ጎበዟ ግቢው መሀል የሽመላውን ጭፈራ ጨፈርኩ። ዳይሬክተሩ አየኝና «ከየት ተማርሽው?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቄጠማውን ሳይቀር።

ስግደቱን ወዲያው አስቀረው። «ይሄ መጎንበስ እንግዳ ያስተኛል፤ ዝለሉ ብቻ!» አለን። ከዚያ ላባ አማረው፤ ጠመንጃ ያለው ዘመዱን ላከ። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ላባው በጆንያ መጣለት። ደሙ እንዳልደረቀ አየ፤ «እግዚኦ!» አለ። ቢሆንም ሰፋው፤ «ሥራ ነው» ብሎ። በዕለቱ እኛ ላባ ለብሰን እንደ ፌንጣ ስንዘል፣ ያ ሁሉ ሽር ጉድ የተባለለት ሹም አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ዳይሬክተሩ የተኛውን ሰው ሦስት ጊዜ እጅ ነሣ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ሙሜ መጡ። ሽሮውን ብዙም ሳይነኩ እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ነገሩ ያልገባት እናቴ ልታጫውታቸው ብላ፣ «አያ ሙሜ፣ ልጅቷ እኮ ሹም ፊት ጨፈረች! ታሳይዎት?» አለች። አባቴ ዓይኑን ፍሙ ላይ ተከለ። እኔም ተነሥቼ እጆቼን ዘርግቼ ዘለልኩ።

አያ ሙሜ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ልጄ፣ ሽመላ ሳይሰግድ የሚዘለው ሲተኮስበት ነው» አሉ። «ወላሂ፣ ሰሞኑን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያን ማታ ተረት አልነበረም። እኔም ተቀመጥኩ፤ ፊቴ የነደደው ግን ከፍሙ አይደለም።

ዳይሬክተሩን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሰው መናቅ ምንም አያደክምም። የሚያደክመኝ ሌላ ነው። አያ ሙሜ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቤታችን አደሩ፤ የወፎቹን ቦታ ማን እንደጠቆመ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ «ዳይሬክተሩ ነው» እላቸው ነበር።